የተሾመ ስለት በእኔ እግር

ረቡዕ፣ ኅዳር 17፤ ቆቃ

ቁርጭምጭሚቴ አብጧል። ከባድ መኪና ሲመጣ ከአስፋልቱ ዳር ልወርድ ስል እግሬ ጠጠር ላይ ታጠፈ። ቀጭ ሲል የሰማሁ መሰለኝ። ጎረቤቴ ብርቄ፣ የመንገድ ጓደኛዬ፣ «እትዬ ዘነቡ፣ የሰሙት እኔ ቆሎ ስቆረጥም ነው» አለች። ልታጽናናኝ ነው።

ከናዝሬት ከወጣን ሁለተኛ ቀናችን ነው። ለሃያ አንድ፣ ለጽዮን በዓል፣ ዝዋይ ሐይቅ ደሴቱ ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን መድረስ አለብን። እኔ ደግሞ መኪና ሳልሳፈር። ስለቱ እንዲያ ነው።

ወጌሻው ኦቦ ገመቹ እግሬን ጭናቸው ላይ አድርገው አገላበጡት። «አጥንቱ ደህና ነው፣ አዴ። ወለምታ ነው።» ቅቤ አምጡ ሲሉ ደነገጥኩ። ጾም ከገባ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። «እግርዎም ይጾማል እንዴ?» አለች ብርቄ። ሰውየው ሳቁ። ለምኜ በኑግ ዘይት አሹኝ። በጣም ጮኽኩ። ሳምንት ይቀመጡ ብለውኛል። ሳምንት የለኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18፤ ቆቃ

አልተንቀሳቀስንም። ብርቄ የሕመም ማስታገሻ ገዝታ መጣች። ከረጢቱ ላይ «ከምግብ በኋላ» ተብሎ ተጽፏል። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም። ስለዚህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እግሬን ጥቅል ጋቢ ላይ ሰቅዬ ሰዓት ማየት ብቻ።

ቦርሳዬ ውስጥ ያለው፦ በሶ፣ ቅያሪ ቀሚስ፣ ፋሻ፣ ሁለት ጠርሙስ ውኃ፣ አንድ መጽሐፍ። ሦስት ገጽ አነበብኩ። ማንበብ የተማርኩት በራሴ ነው፤ ባሌ ተሾመ ከየመንገዱ ይዞልኝ በሚመጣው አሮጌ ጋዜጣ። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር።

ብርቄ፦ «በመኪና እንሂድ በቃ። እመቤታችን ኪሎ ሜትር አትቆጥርም።»

ይህንኑ ቃል አንድ ጊዜ እኔም ተናግሬዋለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19፤ ዓለም ጤና

ከንጋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ። በዱላ። ሌላ ሰው በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። እኔ ግን ደርሻለሁ።

መንገድ ላይ ለብርቄ ነገርኳት። እስከ ዛሬ ከንስሐ አባቴ በቀር የሚያውቅ የለም። ታምሜ ተኝቼ ሳለሁ ተሾመ ተሳለ፤ ከዳነችልኝ ጽዮንን በእግሬ ሄጄ እሳለማለሁ ብሎ። ዳንኩ። እሱም ቃሉን ሊፈጽም ወጣ። እኔ ግን ገና በደንብ ሳልጠና ትቶኝ መሄዱ አናደደኝና በአውቶቡስ ተከትዬ ሞጆ ላይ ደረስኩበት። በመኪና ሂድ፣ እመቤታችን ኪሎ ሜትር አትቆጥርም አልኩት። ሰማኝ። በመኪና ሄደ። በዓመቱ ቡልቡላ አጠገብ መኪናው ተገልብጦ ሞተ።

ንስሐ አባቴ ስለት ሰው አይገድልም ብለውኛል። አሥራ አንድ ዓመት ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። አልገባ ብሎኛል።

ብርቄ ብዙ ከሄድን በኋላ «ያን ቀን እግሩ ውኃ ቋጥሮ ነበር?» አለችኝ።

«ሁለቱም።»

«እንግዲያው መኪና ያሳፈረው የእርስዎ ምላስ ብቻ አይደለማ።»

ሳልወድ ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ። እሷ ቀድማ ሄደችልኝ፣ እንዳላፍር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

እግሬ ጠዋት መሬት አልነካም አለ። ለነገ እንደማልደርስ ገባኝ። ብርቄ ለልጇ የተሳለችውን ጥላ በበዓሉ ቀን ማግባት አለባት፤ እሷ በእግር ብላ አልተሳለችም። «ጥዬዎት አልሄድም» ብላ ተከራከረችኝ። ተቆጣኋት። ሚኒባስ አሳፈርኳት። በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ሐይቁንስ? ዋኝተው ነው የሚሻገሩት?» ብላ ጮኸችብኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

ከሄደች በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አሰብኩ። ተሾመ በእግሬ አለ እንጂ ለሃያ አንድ አላለም። ቀኑን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ትንሽ ሄድኩ። ከመቂ ወዲህ ባለ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አድራለሁ።

እሁድ፣ ኅዳር 21፤ መቂ

እሁድ ስለሆነ በጠዋት በላሁ። ክኒኑንም በጠዋት! ይህን ያህል ደስ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

የሽንኩርት ማሳ፣ የውኃ ፓምፕ ድምፅ፣ ንፋስ። ከቀትር በኋላ ከበዓሉ የሚመለሱ መኪኖች ፊት ለፊቴ መጡ፤ እልልታ፣ ጭብጨባ። አንዱ ረዳት በር ላይ ተንጠልጥሎ «እናቴ፣ በዓሉ አለቀ እኮ! ወዴት ነው?» አለኝ። እጄን አውለበለብኩለት።

ከተማው ከመግባቴ በፊት አራት ጊዜ አረፍኩ። ነገ ከባዱ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23፤ ዝዋይ

ትናንት አልጻፍኩም። ስደርስ ብዕር መያዝ አልቻልኩም። ግን ደረስኩ፣ ሐይቁ ዳር ድረስ በእግሬ።

ዛሬ ጠዋት በጀልባ ተሻገርኩ። ደሴቱ ጭር ብሏል። ዳገቱን አንዳንዴ በቂጤ እየተቀመጥኩ ወጣሁት። የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ይጠርጋሉ።

«የማን ስለት ነው?» አሉኝ።

«የባሌ።»

«እሱስ?»

«ጀምሮት ነበር። እኔ አስቆምኩት። አሁን በሕይወት የለም።»

እንዲህ አጥሮ ሲወጣ ራሴን ገረመኝ። መጥረጊያቸውን አስደግፈው የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ። ወልደ ሚካኤል አልኳቸው። ቀስ ብለው ደገሙት።

ልገባ ስል ጫማዬ አልወጣ አለ። እግሬ ከነፋሻው ውስጡ ተወጥሯል። በጫማ ደግሞ አይገባም። ጎንበስ ብዬ ስታገል «ተይ፣ ቁጭ በይ» አሉኝና በዚያ ዕድሜያቸው ተንበረከኩ። ክሩን ከየቀዳዳው አንድ በአንድ አወጡት።

«ይህን እግር ይዘሽ ከናዝሬት?»

«ከናዝሬት፣ እማሆይ።»

«ግትር ነሽ።»

ተረከዙን በመዳፋቸው ደግፈው ሳቡት። ወጣ። የደጁ ድንጋይ ቀዝቃዛ ነበር። ትንሽ ቆምኩበት፤ ከዚያ ገባሁ።