የአለቃ ጆሮ እና የእኔ ወረንጦ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሱቅ ዋልኩ። ሁለት ባትሪ፣ አንድ ማሰሪያ፣ አንድ የተሰበረ መስታወት። የሰዓት መጠገኛ ሱቄ ከደረጃ ሥር ስለሆነች ደንበኛ ሲገባ እግሬን መሰብሰብ አለብኝ።

ከሰዓት ልጄ ከትምህርት ቤት መጣች። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ስለሆነች አለቃ ነው የምላት። ጆሮዋ ውስጥ ቱቦ ከገባላት ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኗ። ከታምቡሩ ጀርባ ውሃ እየተጠራቀመ መስማት አቅቷት ነበር። ሐኪሙ በሁለቱም ጆሮ ትንሽ ቀዳዳ ከፍተው፣ እንዳይዘጋ ሚጢጢ ቱቦ ሰኩበት። "ቀላል ነው" ብለውን ነበር፤ እውነትም። በማግስቱ ወጥ ቤት ቆማ "ፍሪጁ ሁልጊዜ እንዲህ ያጉረመርማል እንዴ?" አለችን። እናቷ አለቀሰች። እኔም... ትንሽ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ትራሷ ላይ ቢጫ እርጥበት። ከቀኝ ጆሮዋ ነው። ሐኪሙ ጠብታ አዘዙ፣ በቀን ሁለቴ። "ያጋጥማል፤ አትደንግጡ" አሉ። አልደነገጥንም። (ውሸት ነው።)

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ይህችን ልጅ ማድነቅ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ጠብታው ሲገባ ራሷን ያዞራት ነበር። ትናንት ብልቃጡን ከእናቷ እጅ ነጥቃ ብብቷ ሥር ወሸቀችው።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"ሲቀዘቅዝ ነው ቤቱ የሚዞረው። ይሙቅ!"

ሞቆ ገባ። ቤቱ አልዞረም። እናቷ ደውላ ለሐኪሙ ብትነግራቸው ሳቁ አሉ፤ "ይኼንን እኔ ነበርኩ መንገር የነበረብኝ" ብለው።

እናቷስ ብትሆን? ሃምሳ ተማሪ ስታስተምር ውላ ትመጣና ጭኗ ላይ ታስተኛታለች። ግራ ጆሮዋ ጭኗ ላይ ተደፍኗል፣ ቀኙ በጠብታ ተሞልቷል። ታዲያ ተረቱ በምን ይሰማ? በጣቶቿ ትነግራታለች። ሁለት ጣት ይሮጣል፣ አውራ ጣት ያባርራል፣ ትንሿ ጣት ትደበቃለች። አለቃ ጠብታው እንዳይፈስ ሳቋን አፍና ትንቀጠቀጣለች። እኔ በመቶ ዓመት አላስበውም ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ፈሳሹ አልቆመም። ጠብታው አይገባም፣ ከላይ ተመልሶ ይፈሳል። ቀኙ እንደገና መስማት ትቷል። ሰው ሲስቅ አብራ ትስቃለች፤ ከዚያ ጠጋ ትልና "ምን አሉ?" ትለኛለች። አንድም ቀን ግን አልተነጫነጨችም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ይህን ልጻፈው?... እዚህም ከደበቅሁ ሌላ የት ልናገር ነው።

ሱቅ ይዣት ነበር። የሥራ መብራቴን ወደ ጆሮዋ አዞርኩና ማጉያዬን ዓይኔ ላይ ሰካሁ። ታየኝ! ሰማያዊ ቱቦ፣ አፉ ላይ የደረቀ ቅርፊት። ጠብታውን የከለከለው ይኼ ነው አልኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚህ የቀጠነ ነገር አይደል እንዴ የማነሳው? ቅርፊቷን ብቻ... ወረንጦዬን በአልኮል ጠረግኩ።

"እንዳትነቃነቂ፣ አለቃ።"

ትንፋሿን ዋጠች። ቅርፊቷን ያዝኩ፣ ሳብኩ። መጣች። ቱቦውም አብሮ መጣ።

"ውይ" አለች። ከዚያ አንዲት ጠብታ ደም። ደሙን በጥጥ ጠረግኩ፤ ቱቦውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

"ለእማዬ እንዳንነግራት፣ እሺ?" ምን ዓይነት አባት ነው እንዲህ የሚል?

"እሺ" አለች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ሐኪም ቤት። ሐኪሙ አዩና "የቀኙ ቱቦ የለም" አሉ። "ወር እንኳ ሳይሞላው ከወጣ ጆሮዋ አልተቀበለውም ማለት ነው። ረጅም ጊዜ የሚቆይ ሌላ ዓይነት አለ። ማክሰኞ በማደንዘዣ እናስገባው።"

እናቷ ወደ ልጅቷ ዞረች። "ጣትሽን ከተሽ ነበር? ተናገሪ!"

እኔ ኮርኒሱን አየሁ። አለቃ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ጫማዋን።

"ስንት ጊዜ ነው አትንኪው ያልኩሽ!"

ቁጣውን በሙሉ ብቻዋን ተቀበለችው። አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። የስድስት ዓመት ልጅ! አደነቅኳት። ራሴን ግን ተጸየፍኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

"አባዬ፣ ማክሰኞ ያንን የሚሸት ነገር አፍንጫዬ ላይ ያደርጉብኛል?"

ያለፈው ጊዜ ስትነቃ እንዴት እንዳስመለሳት ትዝ አለኝ። እኔ ሐፍረቴን ስሸሽ እሷ በማደንዘዣ ልትተኛልኝ ነው። ኧረ አይሆንም!

እሁድ፣ ጥቅምት 17

ለሚስቴ ነገርኳት። የታጠበ ልብስ እያጠፈች ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና "ሰዓት መሰለችህ?" አለች። የያዘችውን ልብስ አጥፋ ጨረሰች። ምነው ብትጮህብኝ።

ሳሎን ሄዳ ልጅቷ ፊት ተንበረከከች። "ባላጠፋሽው ነው የተቆጣሁሽ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አለቻት። ሳታመነታ! እኔ ይህን ለማለት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሁለቱም ከየት አመጡት ይህን ልብ?

እኔም አጠገቧ ተንበረከክሁና አለቃን ይቅርታ ጠየቅኋት። ክንዷን አጣምራ አየችኝ።

"አስብበታለሁ።"

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ቱቦዋን በወረቀት ጠቅልዬ ለሐኪሙ ወሰድኩላቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። መጀመሪያ ተቆጡ፦ "ታምቡሯን ብትቀደውስ ኖሮ?" ከዚያ ቱቦዋን ብርሃን ላይ አገላብጠው አዩ።

"አንተ ከሳብከው ጆሮዋ አልተፋውም ማለት ነው። እንግዲያው የነገው ይሰረዛል። ዓርብ ሳየው ቀዳዳው ገና ክፍት ነበር፤ ጠብታው አሁን ይገባል። ሦስት ሳምንት እንጠብቅ። ባትነግረኝ በከንቱ ነበር የማስተኛት።"

በሩን ስከፍት፦ "ባለ ሰዓቱ! ወረንጦው ለሰዓት ብቻ!"

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ትራሷ ደረቅ። ሦስተኛ ቀኑ።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

አሁንም ደረቅ። ሚስቴ ስለ ጠብታው ሰዓት ታናግረኛለች። ስለ ሌላ ነገር ገና ነው። አልፈርድባትም።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ቀጠሮው ዛሬ ነበር። አለቃ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ድምፅ በሰማች ቁጥር እጇን አነሳች። አነሳች፣ አነሳች፣ አነሳች... ሐኪሙ ወረቀቱን አይተው "በሁለቱም ጥሩ ትሰማለች" አሉ። የቀኙ ቀዳዳ በራሱ ተዘግቷል፤ ከጀርባው ውሃ የለም። በጆሮ ማያቸው እንዳይ ጠሩኝ። "በዓይን ብቻ!" እጄን ጀርባዬ ላይ አጣምሬ፣ እሳቸው ይዘውልኝ አየሁ። ንጹሕ ታምቡር። እንዲህ ያማረ ነገር በማጉያዬ አይቼ አላውቅም።

ራት ከበላን በኋላ ሚስቴ ሰሃን ታጥባለች፣ እኔ አደርቃለሁ። ቧንቧው ክፍት ነው። አለቃ ከግድግዳው ወዲያ፣ ሳሎን ወለል ላይ ተኝታ ሥዕል ትሥላለች። ሚስቴ ፊቷን ሳታዞር፣ አጠገቧ ላለሁት ለእኔ እንኳ በግድ በሚሰማ ድምፅ "በቃ፣ ይቅር ብዬሃለሁ" አለችኝ።

ከሳሎን፦

"እኔም!"