ሲዘንብ የሚጠፋ፣ አራት ፊደል

ውድ ታደለች፣

እንደምን ሰነበትሽ አልልሽም፤ ያለሽበት ቦታ እንዴት እንደሚሰነበት የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ እኔ ገና ነኝ። ከተለየሽን ሁለተኛው በልግ ገባ። ጂንካ እንደምታውቂያት ናት፤ ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ዝናብ፣ ቀሪው ጭቃ። እኔም ደህና ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል። ሹሮ መሥራት ተምሬያለሁ፤ ያርራል፣ ግን ይበላል። ልጃችን አስቴር ቀምሳ፣ ይኼን በልቶ የተረፈ ሰው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ ምስክርነት መስጠት አለበት አለች።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ሱቃችን በር ነው። አስቴር አሮጌውን የእንጨት በር አንሥታ የብረት አሠራች። ምስጥ በልቶታል አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እንዲያውም ምስጡ ራሱ የሚበላው አጥቶ ቤት የለወጠ ይመስለኛል። እኔ ግን አይነሣም ብዬ ሳምንቱን ሙሉ አኩርፌ ከረምኩ። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። በበሩ የውስጥ በኩል አንቺ የለጠፍሽው የመጨረሻው መስቀለኛ ቃላት ነበረ፣ አንድ ቃል ሳይሞላ የቀረ።

ትዝ ይልሻል አይደል? ለጨውና ለበርበሬ መጠቅለያ ብለሽ ከየቢሮው አሮጌ ጋዜጣ ትለምኚ ነበር። መስቀለኛ ቃላቱን እየቀደድሽ በሩ ላይ ትለጥፊያለሽ፣ እስክሪብቶውን በሲባጎ ከምስማሩ ታስሪያለሽ። ሕግሽም አንድ ነበር፤ ምክንያቱን ጮክ ብሎ ያልተናገረ ሰው እስክሪብቶ አይነካም። ጨው ሊገዛ የገባ ሁሉ ሳይከራከር አይወጣም ነበር። መልሱ የሚወጣበት ቀጣዩ እትም ደግሞ ሁልጊዜ የአንዱን ጨው ጠቅልሎ ሄዷል። ስለዚህ ዳኛዋ አንቺው ነበርሽ። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል፣ አንቺ እስከ ሰባተኛ፤ ያችን አንዲት ክፍል እንደ ዲግሪ ነው የያዝሽብኝ።

«ታላቅ ወንዝ፣ ሦስት ፊደል» ያለውን ቀን አልረሳም። መምህር ስንታየሁ፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣው፣ ደረቱን ነፍቶ ዓባይ አለ። አንቺ ግን ኦሞ ብለሽ ጻፍሽና ትርፏን ቤት በእስክሪብቶ አጠቆርሻት። ይኼን ያዘጋጀው ሰውዬ ኦሞ ዳር ዱስ መንደር ወርዶ ቢሆን ኖሮ ሁለት ቤት ይበቃው ነበር አልሽ። መምህሩ ለሁለት ቀን ስኳሩን ከሌላ ሱቅ ገዛ።

የመጨረሻው ጥያቄ እንዲህ ይል ነበር፦ ሲዘንብ የሚጠፋ፣ አራት ፊደል። የመጀመሪያዋ ፊደል ወደ ታች ከሚወርደው «መርፌ» የተገኘች መ ነበረች። አንቺ መብራት አልሽ። እኔ ዕድሜዬን የጭነት መኪና ስነዳ የኖርኩት ሰውዬ፣ ከሃና ከተማ ስመለስ ስንት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ያደርኩት፣ መንገድ አልኩ። ሆስፒታል ስትሄጂ ከመኪናው መስኮት ብቅ ብለሽ፣ እስክመለስ እንዳትነካው አልሽኝ። አልተመለስሽም። እኔም አልነካሁትም። ቃሉ ከተሞላ ክርክራችን አለቀ ማለት ነው፤ ክርክራችን ካለቀ ደግሞ ከአንቺ ጋር ምን ጉዳይ ይቀረኛል ብዬ ፈራሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት አናጢው መዶሻውን ይዞ መጣ። አስቴር፣ አባዬ፣ ወይ ሙላው ወይ ልቀቀው አለችኝ። ወሬው እንዴት እንደተሰማ እንጃ፣ ሰፈሩ ተሰበሰበ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ማርቆስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ምዕመን አሉ። ዝናብ ሲጥል ወንበሮቹን ብቻ ሰብከው ያውቃሉና ምክንያታቸው ጠንካራ ነበር። ፊደሏ መ እንጂ ም አይደለችም ስላቸው፣ ምን ይራራቃሉ፣ የአንድ እናት ልጆች አይደሉም ወይ ብለው ተቆጡኝ። ሙዝ ሻጯ ምሕረት ደግሞ መምህር ነው አለች። መምህር ስንታየሁ ተነሥቶ፣ እኔ የምቀረው ወንዙ ሲሞላ ብቻ ነው አለ። «እኮ! በምን ሞላ?» ስትለው አናጢው እንኳ መዶሻውን አስቀምጦ ሳቀ።

አቶ ማርቆስ ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። ይኼ ሰውዬም እኮ ሲዘንብ ይጠፋል፣ ሳይዘንብም ይጠፋል፣ የረቡዕ ጸሎት ላይ ካየነው ስንት ጊዜው ነው አሉ። በቀልድ ነው ያሉት፤ እኔ ግን ፊቴን ወደ በሩ መለስኩ። ይቺ ጠፋ የምትባል ቃል ሥራዋ ብዙ ነው ታደሉ። ፍየል ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ ቃልም ከአፍ ላይ ይጠፋል፣ ትናንት ያየሽው ሰው ራሱ ሲወድሽ «ጠፋሽ እኮ» ይልሻል። ስለ አንቺ ግን ጠፋች ያለ አንድም ሰው አልሰማሁም። አረፈች ነው ያሉት። እግዚአብሔር የት እንዳለሽ ያውቃል። የጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ያውም ከገዛ በሬ ኋላ ቆሜ።

ይኼን እያሰብኩ ሳለ ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበው። ሰማዩ ጨልሞ ስለነበር አምፖሏን አብርተናት ነበር። ሁለቴ ብልጭ አለችና ድርግም!

ሱቁ በጩኸት ተናጋ። ታደለች ረታች! ምሕረት እልል አለች። ረጋ በሉ፣ መንገዱም ጠፍቶ ይሆናል፣ ውጡና እዩ ብዬ ጮህኩ። አንድም የወጣ የለም። ሁሉም ያለ መብራት ተጠጋግተው ቆመው ይስቃሉ፤ ምዕመኑም መምህሩም አልጠፉም። አስቴር እስክሪብቶውን በእጄ አስያዘችኝ። ሕጉን አንርሳ ብዬ ምክንያቱን ጮክ ብዬ ተናገርኩ፦ ሚስቴ ስላለች። በትዳራችን ዘመን በአንድም ክርክር እጄን ሰጥቼሽ አላውቅም፤ ይኸው ሰጠሁ። መምህሩ በስልኩ አበራልኝና ብ፣ ራ ብዬ ጻፍኩ። የ«ት» ቤት ላይ ስደርስ ወረቀቱን ምስጥ በልቶታል። እንጨቱ ላይ ጻፍኳት።

አናጢው ያችን ሳንቃ ለይቶ ሰጠኝ። ግድግዳ ላይ ልሰቅላት ነበር፤ ኋላ ደህና ሳንቃ ያለ ሥራ መቀመጡን እንደማትወጂ አስታወስኩና የስኳር መደርደሪያ አደረግኳት። ብረቱ በር ላይ አዲስ መስቀለኛ ቃላት ለጥፈናል። እስክሪብቶው በዚያው ሲባጎ ታስሯል፣ ሕጉም ያው የአንቺው ነው። ረቡዕ ጸሎት ሄድኩ። «ጠፋህ» አሉኝ፤ ተገኘሁ አልኳቸው።

እንረሳታለን ብለሽ ደግሞ አትስጊ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲዘንብ ሰፈሩ መብራት ጠፋ ማለቱን ትቷል፤ «ታደለች ልክ ናት!» ነው የሚባባለው። የጂንካን መብራት ደግሞ ታውቂዋለሽ።

ባልሽ፣
የተረታው