ማንም ያልሞተበት ለቅሶ

ማክሰኞ

ገጽ አሥራ አራት ላይ ናት። ብሌን። ልጄ። ማይክሮፎን ፊት ቆማ አንድ እጇን አንሥታለች፤ ስትቆጣ እንደምታደርገው። ከፎቶው ሥር ስሟ አለ፤ ከስሟ ቀጥሎ የእኔ ስም። ፈረንጅ ሲያየው የቤተሰብ ስም ይመስለዋል። የእኛ ሰው ግን የሚያየው እኔን ራሴን ነው።

የላከው ደጀኔ ነው፣ የእድራችን ጸሐፊ። ለእኔ ለብቻዬ አይደለም፣ ለእድሩ ቴሌግራም ነው። አንድ ቃል አልጻፈበትም። ሁለት የጸሎት እጆች ብቻ።

ብሌን የምትሠራበት ድርጅት በየዓመቱ የሚያወጣው ሪፖርት ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ እንደ እሷ ያሉ ሰዎች፣ ሴት ሆና ሴት የምትወድ፣ ወንድ ሆኖ ወንድ የሚወድ፣ በሕግ ከሌላው ሰው እኩል እንዲታዩ በዓመቱ ምን እንደተሠራና ምን እንደቀረ ይዘረዝራል። ሽፋኑ ላይ እየሳቁ የሚሄዱ ሰዎች አሉ። ወዴት እንደሚሄዱ አይታይም።

ጽሑፉን አላነበብኩም። ፎቶውን ብቻ አየሁ። ተናድጃለሁ። በማን እንደተናደድኩ ገና አልለየሁም። ለጊዜው በእሷ ይሁን።

ይህን የምጽፈው አውቶብሴ ውስጥ ነው። ሊልበርን በምትባል ከተማ የትምህርት ቤት አውቶብስ እነዳለሁ። የጠዋቶቹን ልጆች አድርሼ የከሰዓቱ ተራ እስኪደርስ ሦስት ሰዓት አለኝ። ሂተሩን ካጠፋሁት እግሬ ይበርደኛል፣ ካበራሁት ያስተኛኛል።

ከሁለት ዓመት በፊት ሳሎን ተቀምጣ ነገረችን። ባለቤቴ የሺ አለቀሰች። እኔ ምንም አላልኩም። አልተሳደብኩም። ውጪ አላልኳትም። ምንም አላልኩም፣ ምንም አላልኩም፤ ይኸው ሁለት ዓመት ለራሴ ስደግመው። ከዚያ ወዲህ ለእናቷ ትደውላለች። ለእኔ በበዓል ቴክስት ታደርጋለች። እኔም እንኳን አብሮ አደረሰን እላለሁ።

ረቡዕ

ደጀኔ በምሳ ሰዓት ደወለ። ሰምተናል ጋሼ፣ ከሥራ በኋላ ብቅ እንላለን አለ። ምን እንደሰሙ አልጠየቅኩትም።

ሰባት ሆነው መጡ። የያዙት፦ ሁለት ትልልቅ ትሪ ምስር ወጥ። እንጀራ። ንፍሮ። ሦስት ካርቶን የታሸገ ውሃ። ደጀኔና አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ከቫኑ ታጣፊ ወንበር ያወርዳሉ። ወንበሩን ሳይ ገባኝ። የእድሩ ወንበር ከመጋዘን የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው።

ሴቶቹ ጥቁር ለብሰዋል። ከበሩ ጀምሮ እግዚአብሔር ያጽናችሁ እያሉ ገቡ። እኔም አሜን አልኩ። የለመደ አፍ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ልጄ በሕይወት እያለች፣ ምናልባት በዚያው ሰዓት እራቷን እየበላች፣ እኔ ሰባት ጊዜ አሜን አልኩ።

ተቀመጡ። እንደ ለቅሶ ቤት ወሬ ሌላ ሌላው ተወራ፤ የ85 አውራ ጎዳና ትራፊክ፣ የአንዱ ልጅ ምርቃት፣ የቤት ኪራይ። ብሌን የሚል ስም ማንም አላነሣም። የሺ ጥጉ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ አነባች። ሴቶቹ ጉልበቷን ይዳብሳሉ።

ደጀኔ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። አንድ አባት አሉ፣ ለእንዲህ ያለው ነገር ጸበላቸው ፍቱን ነው፣ ገና ልጅ ስለሆነች ቶሎ ይለቃታል አለኝ።

«ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው» አልኩት።

በቤቴ፣ በተቀመጡበት ጊዜ ሁሉ፣ የተናገርኩት ይህንን ብቻ ነው። ዕድሜዋን። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ወንበሩን ጥለውት ሄዱ። ተደርድሮ ግድግዳው ላይ ቆሟል። ሊመለሱ ነው ማለት ነው።

ሐሙስ

ማንበብ ጀመርኩ። መነጽር፣ ስልክ፣ ዲክሽነሪ። አገር ቤት ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው እንግሊዝኛ እንደ ተማሪ በጣቴ እየተከተልኩ።

የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ያገኘሁት፦ አንድ ረቂቅ ሕግ እንዳያልፍ አደረግን። ሌላው ኮሚቴ ውስጥ ቀረ። ሌላው ዘገየ፣ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል። አንዱን ልናቆመው አልቻልንም። እርምጃ የሚሉት ይህን ነው? ተማሪዬ ካርዱን ይዞ መጥቶ ዘንድሮ አልተባረርኩም ቢለኝ እንደማለት ነው። ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። የልጄ የዓመት ሥራ ይህ ነው። የሚወረወርባቸውን ድንጋይ አየር ላይ መያዝ። ለዚህ ነው በየከተማው የምትዞረው።

ከዚያ ገጽ አሥራ አራት።

ራሷ ናት የጻፈችው። ዴኒዝ ከምትባለው ጋር፣ አብራት ከምትኖረው ጋር፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ቤት ተከራይተው ነበር። አከራዩ ምን እንደሆኑ ሲያውቅ ልቀቁ አላቸው። በዚያ ከተማ እንዲህ ማድረግ አትችልም የሚል ደንብ አልነበረም። እቃቸውን ጫኑ። አሥራ አንድ ሌሊት መኪና ውስጥ አደሩ፣ ማሪዬታ፣ የገበያ አዳራሽ ፓርኪንግ ውስጥ። ጠዋት ጂም ገብተው ይታጠቡና ወደ ሥራ ይሄዳሉ። ወሩን ጽፋዋለች። ሳሎናችን ተቀምጣ ከነገረችን በኋላ ያለው ወር ነው።

ቀጥላ እንዲህ ትላለች፦ ወላጆቼ አርባ ደቂቃ ርቀት ላይ ባዶ መኝታ ቤት ነበራቸው። ወደዚያ መሄድ አልቻልኩም።

ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ በዲክሽነሪ ፈተሽኩት። ዲክሽነሪ የሚፈልግ አንድ ቃል የለበትም።

አከራዩን ባገኘው ብዬ ተነሣሁ። በአውቶብሱ ወንበሮች መሐል ቆሜ ምን እንደምለው አሰብኩ። ልጄን ከቤት ልታስወጣት ምን መብት አለህ? እሱም ይጠይቀኛል፤ አንተ መቼ አስገባሃት?

የከሰዓቱን ተራ ስድስት ደቂቃ ዘግይቼ ጀመርኩ። በስንት ዓመቴ። ከመሥሪያ ቤት በሬዲዮ ምን ነካህ ሲሉኝ ትራፊክ ነው አልኩ። የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

ዓርብ

ረቡዕ አንድ፣ ሐሙስ ሁለት፣ ዓርብ ሦስት። ሣልስት መሆኑ ነው። ማንም በስሙ አልጠራውም፣ ግን ቆጥረው መጡ። ዛሬ እትዬ አስካለም መጥታለች፣ የእድሩ አንጋፋ። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ከሥራ ልብሷ ላይ ጥቁር ሻርፕ ጣል አድርጋ ነው የመጣችው።

ደጀኔ ወንበሩን ሲዘረጋ ጠየቅኩት።

«ማን ሞቶ ነው?»

«ኧረ ጋሽ ተሾመ፣ ይተዉ እንጂ። ልናጽናናዎ ነው።»

«አውቃለሁ። ማን ሞቶ ነው የምታጽናናኝ?»

ደጀኔ የዘረጋውን ወንበር መልሶ አጠፈው፣ ከዚያ የሚያስቀምጥበት ጠፋው፤ እንደ ሕፃን ታቅፎት ቀረ። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ስልኬን አወጣሁና ገጽ አሥራ አራትን በአማርኛ አነበብኩላቸው። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፣ ተቆጥቼ ስለነበር። አሥራ አንድ ሌሊት ስል የሺ ቀና አለች። ባዶ መኝታ ቤት ስል ተነሥታ ወደ ኩሽና ሄደች። አታውቅም ነበር። በእነዚያው ቀናት በስልክ አውርታታለች፤ ብሌን ሥራ በዝቶብኝ ነው ብላታለች።

እንደሚያፍሩ ጠብቄ ነበር። ፈልጌም ነበር። መልስ የሰጠችኝ እትዬ አስካለ ናት።

«እኛም አንብበነዋል፣ ተሾመ። እኔን ያስለቀሰኝ እሱ ነው። መኪና ውስጥ ማደሯን ባውቅ እኔ ቤት ትመጣ ነበር። አልጋ አላጣም።»

«ከዴኒዝ ጋር?» አላት ደጀኔ።

«አንተ ዝም በል። ሁለት ሰው መኪና ውስጥ ሲያድር ነው ያነበብኩት።»

ሰው እንዲህ ሲል ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ይልቅ ደሜ ፈላ። ከሁሉም በላይ የተናደድኩት በእሷ ነው፤ እኔ ልለው የሚገባኝን፣ በእኔ ሳሎን፣ በእኔ ፊት፣ ሻርፑን እንኳ ሳታወልቅ ተናገረችው።

ወንበሩን ጭነው ሄዱ። የሺ የሰው ትሪ እያጠበች፣ ፊቷን ሳትመልስ፣ «ባዶ መኝታ ቤት የምትለው ልብስ የምተኩስበትን ነው» አለች።

ቅዳሜ

ሥራ የለም። የሺ አታናግረኝም፣ ወይም እኔ አላናግራትም።

ያልጻፍኩት ነገር አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ደብተር አልጻፍኩትም። ስለ ጎማ፣ ስለ ጉልበቴ ሕመም፣ ስለ ጎረቤት ውሻ ጽፌአለሁ።

ብሌን በዚያ ወር መጥታ ነበር።

ነገ ቆሻሻ ይነሣል ብዬ በርሜሉን ወደ መንገዱ ገፍቼ አወጣሁ። ፀሐይ ገና አልገባችም። ግራጫዋ መኪናዋ ከፊት ለፊት ካለው ቤት አጠገብ ቆማ ነበር። የኋላ መቀመጫው እስከ ጣራው ድረስ በልብስና በካርቶን ተሞልቷል። አየሁት። ካርቶኑን አየሁት! ብሌን መሪውን ይዛለች፤ አጠገቧ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። በርሜሉን አቆምኩ። ዞርኩ። ገባሁ። ቆለፍኩ። ልትጨቃጨቅ ነው የመጣችው አልኩ ለራሴ። ውሸት። አጠገቧ ያለችውን ሰላም ማለት አልፈለግኩም፤ ይኸው ነው። የሺ ፎቅ ላይ ነበረች። አልነገርኳትም።

ሰው ምንም ሳይል እንዲህ ማድረግ ይችላል። ምንም አላልኩም እኮ።

ለብሌን ደወልኩ። አላነሣችም። ቴክስት አደረገች፤ አባዬ ሚቲንግ ላይ ነኝ፣ ሰላም ናችሁ? ሰላም ነን አልኩ። ከዚያ በራሴ ተናድጄ ነገ ጠዋት እመጣለሁ ብዬ ጨመርኩ። አንብባዋለች። መልስ የለም።

እሑድ

የሺ ከጎረቤት ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እኔ ብሌን ጠዋት በላከችልኝ አድራሻ፣ አሁን ወደምትኖርበት ወደ ማሪዬታ ነዳሁ።

ብሌን ወደ ላይ አላስገባችኝም። ዴኒዝ ተኝታለች፣ የሌሊት ሥራ ነበራት አለች። ራሷ ወርዳ መኪናዬ ውስጥ ገባች። ጸጉሯን አሳጥራዋለች። ወደ ጎን ሳያት እናቴን ትመስላለች፤ ይህን አልነገርኳትም።

ስለ ለቅሶው ነገርኳት። አላመነችም። የእድሩ ወንበር ጭምር መጥቶ ነበር ስል በሳቅ ፈነዳች፤ ግን የንዴት ሳቅ ነው፣ ዓይኗ አይስቅም። ደጀኔ ምን ይዞ መጣ? ማን ከሁሉ የበለጠ አለቀሰ? አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። እትዬ አስካለ ያለችውን ስነግራት መጠየቋን አቆመች።

ስለ ፎቶው ጠየቅኳት። ከቤት ያስወጧቸው የዚያችው ከተማ ምክር ቤት ፊት ቆማ ነው። በዚያች ከተማ ከእንግዲህ ሰውን በዚህ ምክንያት ከቤት ማስወጣት ክልክል ነው።

«በአንድ ድምፅ ብልጫ ነው ያለፈው» አለች።

«ስንት ጊዜ ፈጀብሽ?»

«ሁለት ዓመት። አንድ ከተማ፣ ሁለት ዓመት። ሪፖርቱ ላይ አንድ መስመር ነው። በቃ። ሌላው ከተማ ደግሞ ሰኞ እንጀምራለን።»

ከዚያ የመጣሁበትን ተናገርኩ።

«ያን ቀን አይቼሻለሁ።»

«አውቃለሁ። ተያይተናል እኮ አባዬ።»

«ለምን አልጻፍሽውም ታዲያ?»

«ጽፌው ነበር። እማዬ ታነበዋለች ብዬ ሰረዝኩት።» ወደ እኔ ዞረች። «ነግረሃታል?»

አልነገርኳትም አልኩ።

«እንግዲያው መጀመሪያ ለእሷ ንገራት። ከዚያ እንነጋገራለን። እኔ ያንተን ሚስጥር መያዝ ታከተኝ፣ ኦኬ? ታከተኝ።»

አላቀፈችኝም። የመኪናውን በር ግን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

የሺ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቆሜ ጠበቅኳት። ጫማዋን ሳታወልቅ ነገርኳት። በርሜሉን፣ ካርቶኑን፣ በሩን መቆለፌን። አላለቀሰችም። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ሠላሳ አራት ዓመት አብረን ስንኖር ሰድባኝ አታውቅም፣ ዛሬ ይገባኝ ነበር። እጇን ዘረጋች።

«የመኪናውን ቁልፍ አምጣ። አድራሻውን ጻፍልኝ።»

የሺ ሃይዌይ አትነዳም። ሱቅና ቤተ ክርስቲያን፣ እሱም በውስጥ መንገድ። ላድርስሽ አልኳት። አንተ ቁጭ በል አለችኝ። ነጭ ነጠላዋን እንደለበሰች፣ መቀመጫውን ወደ ፊት ስባ፣ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ወጣች። ከግቢው ስትወጣ ለመታጠፍ ምልክት አላሳየችም።

አንድ ሰዓት አለፈ። አንድ ተኩል። ስልኳን አታነሣም። የስልኬ ካርታ ላይ 285 አውራ ጎዳና በትራፊክ ቀይ ሆኗል። ሦስት ጊዜ እስከ መንገዱ ወጥቼ ተመለስኩ።

አሁን ብሌን ጻፈች። «እማዬ ገብታለች። እየበላን ነው።»

እየበላን። ስንት ሰው እንደሆኑ አልጠየቅኩም። እኔ ልምጣ አላልኩም፣ እሷም ና አላለችም። መልእክቱን ደግሜ አነበብኩት። መቼ እንደምትመለስ አልጻፈችም።