የሰባ ሰባት ጭድ

ጥቅምት 4 ቀን 2001
የተማሪ ደብተር ሳርም ውዬ ስመለስ አጎቴ ቀለመ ወርቅ ግቢያችንን በእርምጃ ሲለካ አገኘሁት። ማዘጋጃ ቤት ንፋስ መውጫ ዳር ያሉትን አሮጌ ቤቶች ሊመዘግብ ነው አሉ። «ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ወንድሜን አዝኜለት ነው ያስጠጋሁት» ይላል። የአባቴ አርባ ከወጣ ገና ሳምንቱ! እናቴስ? ጠላ ቀዳችለት።

ጥቅምት 6
«ቤቱን መቼ ሠሩት?» አልኩት አጎቴን። ጢሙን አሻሸ። «በሰባ ሰባት። አባትሽ መተከል ለሰፈራ ሄዶ ሳለ።» ብልጥ! አባቴ ያልነበረበትን ዓመት መርጦ...
እማዬን ጠየቅኋት።
«አንቺን አርግዤ ጭቃውን የረገጥሁት እኔ ነኝ። አባትሽ ይመርጋል፣ እኔ እረግጣለሁ።»
የተወለድኩት በሰባ ስድስት ነው። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።
«የሴት ቃል ማን ይሰማል ልጄ፣ ተይው።»
ተይው! ይህችን ቃል ከጡት ጋር ነው ያጠባችኝ።

ጥቅምት 10
ወረቀት የለም። ቤቱን ያቆመው አናጢ ሞላም ሞቷል። ማን ይመስክር... ግድግዳው?

ጥቅምት 12
የጓዳውን ግድግዳ በቢላ ፈለፈልኩ። የላይኛው ምርግ አምና የታደሰ ነው፤ እስከ ማገሩ ዘለቅሁ። የጤፍ ጭድ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ዛሬ የተወቃ ይመስላል። ቆይ... ጭድ? በድርቁ ዓመት? በጋይንት? ብቻዬን ሳቅሁ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ
ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አጎቴ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ እንደ ሙሽራ። ተረቱን ሲጨርስ የግድግዳውን ጓል መሀል ላይ አስቀመጥኩ።
«ጋሼ፣ በሰባ ሰባት ጭዱን ከየት አመጡት?»
«ከ... ከአውድማ ነዋ!»
ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አባ ገብረ ማርያም፣ ጓሉን በጣታቸው ፈረፈሩት። «ከየቱ አውድማ? እኛ የጣራችንን ሣር እየመዘዝን ለበሬ ስናበላ፣ አንተ ጭድ በጭቃ አቦካህ? በሬህስ ምን በላ፣ ቆርቆሮ?»
የሳቁት ሳቅ!
«ዲግሪ ያዝኩ ብላ ታላቋን ታዋርድ?» አለ አጎቴ።
እኔ ምን አደረግሁ? ዓመቱን የመረጠው ራሱ።

ኅዳር 9
ቤቱ በእማዬ ስም ተመዘገበ። «ዘርፌ» ብለው ሲጽፉ ቆሜ አየሁ። የጓዳውን ቀዳዳ ልመርግ ጭቃ ሳቦካ እጄን ያዘችኝ።
«ተይው።»
ደሜ ፈላ። አሁንም ተይው?
«ቀለመ ወርቅ ለገና ሲመጣ ከቀዳዳው ፊት ለፊት ነው የማስቀምጠው» አለች። ስሙን ያለ «ጋሼ» ስትጠራ ሰምቻት አላውቅም። «ጠላውንም ራሱ ይቅዳ።»