ዕጣቸውን የቀየርኩላቸው ሰባት ሰዎች

ጥር 6

ለመመረቂያ ጥናቴ አርባኛውን ሰው ጨረስኩ። ሥራው ያው ነው... ሰው ይመጣል፣ ከካርቶኑ ዕጣ ያወጣል። «ጸጥታ» የደረሰው ግራ ክፍል፣ «ጫጫታ» የደረሰው ቀኝ ክፍል ይገባል። ቀኝ ክፍል ውስጥ የብየዳ ቤት ጩኸት በስፒከር ይለቀቅበታል። ሃያ ቃላት ያጠናሉ፣ ያስታወሱትን ይጽፋሉ፣ እቆጥራለሁ።

ጩኸቱን የቀዳሁት እህቴ ከምታስተምርበት ክፍል ነው። ብየዳ ቤቱ ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ርዕሰ መምህሩ፣ ጥናቴ ጩኸቱ ይጎዳል ካለ ክፍሉን እናዛውራለን ብለዋታል። በቀን ሦስቴ ትደውልልኛለች።

ጥር 9

ልዩነት የለም። ጸጥታውም ጫጫታውም ያው! ሦስቴ ደመርኩት። አማካሪዬ ግን ደስ አላቸው፤ ያልተጠበቀ ውጤት ነው፣ ጻፊውና ተመረቂ አሉኝ። እኔ ግን ልቤ አላርፍ አለ... ጩኸት ሰው አይረብሽም? ማን ያምናል?

ጥር 10

ምሳ አልበላ አለኝ። ቅጾቹን አንድ በአንድ እያየሁ ነው።

ጥር 12

አገኘሁት። ባላገኘው ይሻለኝ ነበር።

ሽማግሌው ዘበኛ ጫጫታ ደርሷቸው፣ ራሴን ያመኛል ልጄ ሲሉኝ ምን አልኩ? ችግር የለም አባባ፣ በዚህ ይግቡ። ጸጥታው ክፍል አስገባኋቸው። ከሌሊት ፈረቃ የወጣችውን ነርስም እንደዚያው። ሰባት ሰው! የደከመውን ወደ ጸጥታው ወሰድኩ፣ ብርቱው ጫጫታው ውስጥ ቀረ። የደከመው በጸጥታም ብዙ ቃል አያስታውስ፤ ታዲያ እኩል ቢወጡ ምን ይገርማል?

ዕጣ የሚወጣው እኮ እንደኔ ያለ ሆደ ቡቡ እጁን እንዳያስገባ ነው። ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ይህን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። አፈርኩ።

ጥር 13

ሰባቱን ብሰርዛቸውስ? አይሆንም፤ ጫጫታው ክፍል የቀሩት ያው ብርቱዎቹ ናቸው። ዝም ብልስ? ተመርቄ እገላገላለሁ... የእህቴ ተማሪዎችም በኔ ወረቀት ምክንያት እዚያው ጩኸት ውስጥ ይቀራሉ።

ጥር 15

ነገርኳቸው። አማካሪዬ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አንቺ ግን ሳትቸኩዪ ነው ያፈሰስሽው» አሉኝ። እንደገና ከዜሮ። አርባ አዲስ ሰው። ዘንድሮ ምረቃ የለም።

የባሰው የእህቴ ነው። የክፍሉ ጉዳይ ለመጪው ዓመት ተላለፈ። «ለማታውቂያቸው ሽማግሌ አዘንሽ፤ ለኔ አርባ ስምንት ልጆች ግን...» ብላ ስልኩን ዘጋችው። እውነቷን ነው።

የካቲት 3

አዲሱን ጀመርኩ። የመጀመሪያዋ አንዲት እናት ናቸው፤ ደረጃውን ወጥተው ትንፋሽ አጥሯቸዋል። ዕጣ አወጡ። ጫጫታ። ወረቀቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «የኔ ልጅ፣ እዚያ ጸጥ ያለው ብታስገቢኝስ?»

ሆዴ ባባ።

«ካልተመቸዎት በፈለጉት ሰዓት ማቋረጥ ይችላሉ እማማ። መቀየር ግን አልችልም።»

ገቡ። በሩን ዘጋሁ፣ ጩኸቱን ለቀቅኩት። እጄ ወደ በሩ እጀታ እንዳይሄድ ከጭኔ ሥር ደብቄው ተቀመጥኩ።