የአባባን እጅ የተናገርኩ ለት

ለውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ያ ብርድ ሲሆን የሚነሳብህ የወገብ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም እያቃሰትክ ነው ጫማህን የምታስረው? ባለቤትህስ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የትንሿ ጥርስ ወለቀ ብለኸኝ ነበር፤ በቀለላት? እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ጉልበቷን ከማማረር በቀር ደህና ናት። አባባም አሉ፤ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ይነሳሉ። ከዚህ አልፌ ደህና ናቸው ብዬ ብጽፍልህ መዋሸት ይሆንብኛል፤ ዘንድሮ ደግሞ የዋሸሁት ይበቃኛል።

ባለፈው ስትደውል ድምፅሽ ምን ሆነ ብትለኝ ጉንፋን ነው አልኩህ። ጉንፋን አልነበረም፤ እማዬ አጠገቤ ስለነበረች ነው። ይኸው ዛሬ ወረቀት አነሳሁ። እስከ መጨረሻው ሳታነብ እንዳትደውል፣ አደራ።

ሥራችንን ታውቀዋለህ፤ ልጅ ሆነህ አባባ ላቦራቶሪው ድረስ ይዘውህ ይሄዱ ነበር። ሐኪሞች ከታማሚ ሰውነት ቆንጥረው የሚልኩልንን ሥጋ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ እናቆየዋለን፣ ውሃውን በአልኮል እናወጣለን፣ ከዚያ የቀለጠ ሰም እናጠጣውና ሰሙ ሲረጋ ብሎክ እንለዋለን። ብሎኩን መቁረጫ ማሽኑ፣ ማይክሮቶሙ ላይ አስረን፣ እጀታውን እያዞርን፣ ከሽንኩርት ልጣጭ እጅግ አሳስተን እንቆርጠዋለን። የተቆረጠው እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ጥብጣብ ይወርዳል። ያንን በብሩሽ ደግፈን ሞቅ ያለ ውሃ ላይ እናንሳፍፍና በስላይድ መስታወት እናነሳዋለን። ቀለም ከተነከረ በኋላ ዶክተሯ በማይክሮስኮፕ አይታ የሰውየውን ዕጣ የምትናገረው ከዚያች ቁራጭ ነው። አባባ ይህን ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። የሳቸው ጥብጣብ ሳይበጠስ ክንድ ሙሉ ስለሚወርድ “ባለ ሐሩ” ይሏቸው እንደነበር አትረሳም።

የዛሬ ስምንት ወር ግድም ዶክተሯ ስላይዶች ይዛ መጣችና “ምን ነካችሁ? አንዱ ጋ ወፍራም፣ አንዱ ጋ ስስ፤ የቆርቆሮ ክዳን የማይ ነው የመሰለኝ” አለች። አባባ መነጽራቸውን ሲጠርጉ ነበር፤ ቀና አላሉም። እኔ ብልሽቱን ካላገኘሁ ብዬ ወገቤን ታጥቄ ተነሳሁ።

መጀመሪያ ምላጩን ቀየርኩ። ምላጩ የሚታሰርበት ከላላ ይንቀጠቀጣልና ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቅኩ። ሰሙ ሳይቀዘቅዝ እየተቆረጠ ይሆናል ብዬ ብሎኮቹን በረዶ ላይ ቆየት አደረግኳቸው። የውሃውን ሙቀት ለካሁ። አልኮሉንም ጠረጠርኩት፤ ውሃ የበዛበት አልኮል ሥጋውን አያደርቀውም፣ ሰሙም አይዘልቀውም። ሁሉንም ደፍቼ በአዲስ ተካሁ። የዕቃ ክፍሉ ሰውዬ “እመቤት፣ ይህን ሁሉ አልኮል ለሥጋው ነው ወይስ አንቺም ትቀምሺዋለሽ?” እያለ ሳቀብኝ። ሞክሬ ስቆርጥ ይስተካከላል፤ ደስ ብሎኝ እቤቴ እገባለሁ። በነጋታው ዶክተሯ ያንኑ ቆርቆሮ ይዛ ትመጣለች።

አባባ ሲያስተምሩኝ “ሥራ ሲበላሽ መጀመሪያ ራስሽን ጠርጥሪ፣ ቀጥሎ ምላጩን፣ ማሽኑን መጨረሻ” ይሉኝ ነበር። ራሴንም ምላጩንም ማሽኑንም ጠርጥሬ ጨረስኩ። አንድ ከሰዓት የተመለሱትን ስላይዶች ደርድሬ ጥጋቸው ላይ ያለውን የቆራጭ ምልክት ተመለከትኩ። አሥራ አራት ነበሩ። አሥራ አራቱም የአባባ ናቸው።

ወደ መቁረጫው ክፍል ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው አንጓው ላይ ጨምድደው ይዘው እጀታውን ለማዞር ይታገላሉ። ጥብጣቡ ሲወርድ ብሩሹን አነሱ፤ ብሩሹ እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል። ጥብጣቡ ተጨማዶ ወደቀ። ዞር ሳይሉ “የምታይው ካለሽ ገብተሽ እይው፤ በር ላይ ቆሞ ማየት የሌባ ነው” አሉኝ።

መንቀጥቀጡ ከጀመራቸው ዓመት አልፎታል ለካ። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ቀርቷቸው ነበር። “ሰው ከንፈር ሲመጥልኝ ሳላይ ልውጣ። ሌላ አልለምንሽም” አሉኝ። ደግሞም “ወንድምሽ እንዳይሰማ፤ ሥራውን ጥሎ ይመጣል” አሉ። ወንድም ጋሼ፣ አባባ ሲለምኑ ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እሺ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት አብረን እንገባለን። ሌላ ሰው ሳይመጣ የሳቸውን ብሎኮች እኔ እቆርጣለሁ፤ ምልክታቸውንም እጽፍላቸዋለሁ። እሳቸው አጠገቤ ቆመው “ቀስ በይ፣ የሚያባርርሽ የለም” ይሉኛል። ስንጨርስ ዳቦ እንቆርሳለን። ስለ እናታቸው፣ አንተ በተወለድክ ጊዜ እንዴት ደንግጠው እንደነበር፣ ከዚያ በፊት ነግረውኝ የማያውቁትን ሁሉ አጫወቱኝ። አራት ወር እንዲህ ሠራን። ደስተኛ ነበርኩ ብልህ ታዝንብኝ ይሆናል፤ ግን ነበርኩ።

ከዚያ ትኩሳት ጣለኝና አራት ቀን ተኛሁ። ብሎኮቹን ሁሉ አብራን ለምትሠራው ጀማሪ እንዲሰጧት ነግሬአቸው እሺ ብለው ነበር። በሁለተኛው ቀን ከአንዲት ሴት ሳንባ በመርፌ የተወሰደች፣ እንደ ክር የቀጠነች ናሙና አስቸኳይ ተብላ መጣች። አባባ “እንዲህ ያለው ለጀማሪ አይሰጥም” ብለው ራሳቸው ያዙት። ቆረጡ፤ ጥብጣቡ ተበጠሰ። ደግመው ቆረጡ፤ ተጨማደደ። መዝገቡ ላይ “ናሙናው በቂ ሥጋ የለውም” ብለው ጻፉ።

ስመለስ ብሎኩን አየሁት። ሰሙ ብሎኩ እስከሚያርፍበት ፕላስቲክ ወንፊት ድረስ ተልጧል። ሥጋ የሌለበት ብሎክ እንዲህ አይላጥም። አባባ እስከዚያ የወረዱት ሥጋ ፍለጋ አይደለም፤ አንድ ደህና ጥብጣብ ፍለጋ ነው።

በነጋታው የሴትየዋ ልጅ ውጤት መቀበያው ጋ መጣች። ፖስታዋን በሁለት እጇ ይዛለች። “ሐኪሙ መርፌው በደንብ ይዟል ብሎን ነበር። እናቴ በዚያ መርፌ ሰበብ ደረቷ አየር ገብቶበት ሦስት ቀን ተኝታለች። አሁን ምንም አልተገኘም ስትሏት፣ ‘አላልኳችሁም? ምንም የለብኝም’ ብላ ዕቃዋን ሸክፋ ቤቷ ገባች። እንደገና አልወጋም ብላለች። እባክሽ፣ ትንሽ እንኳ አልቀረም?” አለችኝ። አልቀረም አልኳት። አመስግናኝ ሄደች። እኔን አመስግና!

አባባን ልብስ መቀየሪያው ክፍል አግኝቼ “ራስዎ ይንገሩ፤ ሴትየዋ ድና የገባች መስሏታል” አልኳቸው። ነገ አሉ። በነጋታውም ነገ አሉ። በሦስተኛው ቀን “ለማታውቂያት ሴት ብለሽ አባትሽን?” አሉኝ። በአራተኛው ቀን ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ።

ናሙናው በቂ ነበር፣ እዚሁ እኛ ጋ ነው ያለቀው አልኩት። “ማን ቆረጠው?” አለኝ። እኔ ነኝ ማለት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ያን ቀን ታምሜ እንደቀረሁ ያውቃል። ደግሞ እኔ ነኝ ብል አባባ በነጋታው ሌላ ብሎክ ይይዛሉ። ተናገርኩ። አራት ወር በሳቸው ምልክት መቁረጤንም ጨምሬ ተናገርኩ። ለዚያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል፤ ይገባኛል።

ኃላፊው ቤተሰቡን ጠርቶ ይቅርታ ጠየቀ። ሴትየዋ ተለምና ተመለሰች፤ እንደገና ተወጋች። ናሙናውን እኔ ቆረጥኩት። ሕመሙ ተገኘባት። ሕክምና ጀምራለች። በመሃል ሃያ ስድስት ቀን ባክኗል። ሃያ ስድስቱ ቀን ይጎዳት ይሆን ብዬ ዶክተሯን ጠየቅኳት። “ይህን ማንም አያውቅም። ዳግመኛ እንዳትጠይቂኝ” አለች።

አባባን የነርቭ ሐኪም አያቸው። የሚመለስ ሕመም አይደለም፤ በመድኃኒት ይረግባል እንጂ አይቆምም ተባልን። ኃላፊው ያከብራቸዋል፤ የድሮ ስላይዶች ማኅደር ውስጥ ተቀምጠው እንዲጨርሱ ለመናቸው። እንቢ አሉ። በመጨረሻው ቀን ማይክሮቶሙን ፈታተው በብሩሽ ጠረጉ፣ ዘይት ቀቡ፣ መልሰው ገጠሙ። ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ከዚያ ጀማሪዋን ጠርተው “ይቺ ብሎን በሳምንት አንዴ ትታይ። ሰም እንዳይደርቅባት” አሏት። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ያቺን ብሎን አሥራ አንድ ዓመት ያጠበቅኳት እኔ ነኝ። ለሷ ነው የነገሯት።

ይኸው ሁለት ወር ሆነን፤ አያናግሩኝም። አይቆጡም፣ አይሰድቡም። ገበታ ላይ ሆነን “ጨዉን ታቀብለኝ በያት” ይሏታል እማዬን፤ እኔ ጨዉን እማዬ ፊት አስቀምጣለሁ፣ እሷ ወደሳቸው ትገፋዋለች። “በስተርጅና አስተርጓሚ አደረጋችሁኝ” ብላ ልታስቃቸው ትሞክራለች። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ታለቅሳለች።

ባለፈው ቅዳሜ እማዬ ገበያ ሄዳ ሳለ አባባ መስታወት ፊት ቆመው የሸሚዛቸው ቁልፍ እንቢ ሲላቸው አየሁ። ገባሁና ቆለፍኩላቸው። አልከለከሉኝም። የአንገታቸውን ለመቆለፍ ስደርስ እንደ ሕፃን አገጫቸውን ቀና አደረጉልኝ። ታረቁኝ ብዬ ደስ አለኝ። ጨርሼ ስወጣ ከኋላዬ ቁልፎቹን እየፈቱ ነበር። ጊዜ ፈጀባቸው፤ ግን ሁሉንም ፈቷቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቁልፍ የሌለው ሹራብ ነው የሚለብሱት።

ወንድም ጋሼ፣ በመናገሬ አልጸጸትም። የሚቆጨኝ ያ አራት ወር ነው። ያኔውኑ በሩ ላይ ቆሜ ባየሁ ቀን እጃቸውን ይዤ ኃላፊው ጋ ብወስዳቸው ኖሮ ሁሉ ተነስቶ እያጨበጨበ ይሸኛቸው ነበር። ሴትየዋም አትነካም ነበር። ፍቅር መስሎኝ ዝም አልኩ። እባክህ ስትደውል ስለ እጃቸው አትጠይቃቸው። እኔንም አታማልደኝ። ዝም ብለህ ስለ ሥራቸው ጠይቃቸው፤ ድሮ እንዴት ይቆርጡ እንደነበር ይንገሩህ። እኔ ከጓዳ ሆኜ ድምፃቸውን እሰማለሁ።

ለባለቤትህ፣ ስለ ላከችልኝ የሱፍ ካልሲ አመሰግናለሁ በልልኝ። ትልቁን ልጅ ጥናትህን አትተው በለው፤ መሃለኛውን ጉንጩን ሳምልኝ፤ ትንሿን አዲሷን ጥርስ ሳምልኝ። እማዬ ድምፅህ ከራቃት አሥር ቀን ሆነ እያለች ትቆጥራለች፤ እንደ ዓይኗ ብሌን ትስምሃለች። አባባን ደግሞ፣ “ለሱ ደብዳቤ እየጻፈች ነው፣ ምን ትበልልህ?” ብላ እማዬ ጠይቃቸው ነበር። “መናገርስ እሷ ታውቅበታለች” ብለዋል።

እህትህ

ከእማዬ ቤት፣ እሑድ ኅዳር ፲፱ ቀን