ስሜን ስለደበቃችሁልኝ አመሰግናለሁ

ለክቡር ፕሮፌሰር ሙንሲፍ ድሪዲ
የግልጽና የትብብር የአእምሮ ጤና ጥናት ማዕከል የበላይ ኃላፊ
ስፋክስ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ ቤተሰብዎንና መላ ባልደረቦችዎን በፍጹም ጤንነት እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። የእኔን ጤንነት ለማወቅ የፈለጉ እንደሆነ ድረ ገጻችሁን ቢከፍቱት ከእኔ ይልቅ አብራርቶ ይነግርዎታል። ደብዳቤውን በፖስታ አሽጌ ልልክልዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን እናንተ ሁሉ ነገር ለሁሉም ሰው ክፍት ይሁን የምትሉ በመሆናችሁ፣ በጋዜጣ ቢወጣ ይበልጥ ደስ ይላችኋል ብዬ ገመትኩ።

ሸድሊያ ብን ኻሚስ እባላለሁ። በቀርቀና ደሴት፣ ባሌ ትቶልኝ በሄደው የባሕር ክልል ላይ በዘንባባ ዝንጣፊ አጥሬ ዓሣ የምይዝ ሴት ነኝ። እሱ ከሞተ ወዲህ ውስጤ አንድ ነገር ዝም ብሏል። የደሴታችን ነርስ የበሽታውን ስም ነግራኛለች፣ ኪኒንም ትሰጠኛለች። እናንተ ከማዶ ካለችው ስፋክስ በመርከብ መጥታችሁ «በሽታውን የሚያውቀው የታመመው ነው፤ ጥናቱን ከእናንተ ጋር እንጂ በእናንተ ላይ አንሠራም» ባላችሁ ጊዜ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ደህና ነገር ሰማሁ አልኩ። አሁንም ደህና ነገር ይመስለኛል። «ተባባሪ ተመራማሪ» የሚል ባጅም አንገቴ ላይ አንጠልጥላችሁልኛል።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ በቁጥር የቀረበ ነገር እንደምትወዱ አውቃለሁና።

አንደኛ፣ ስላማከራችሁን አመሰግናለሁ። የጥናቱ አርማ ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ በሚለው ጉዳይ ከምሳ እስከ ምሽት ተወያይተናል፣ በቴምር የተሞላ ጣፋጭም በልተናል። አረንጓዴ አልን፣ አረንጓዴ ሆነ። ለመጠይቃችሁ ከሰጠነው መልስ የትኛው ለዓለም ይውጣ፣ የትኛው ይቅር የሚለውን ግን እኛን ላለማድከም ብላችሁ ለብቻችሁ ወስናችሁታል።

ሁለተኛ፣ ስሜን ስለደበቃችሁልኝ አመሰግናለሁ። በገባችሁት ቃል መሠረት ድረ ገጹ ላይ ስሜ የለም። ያለው ሴት መሆኔ፣ ባሌ የሞተብኝ መሆኔ፣ ዕድሜዬ፣ እንዲሁም «የሥራ ቦታ» በሚለው ሥር የባሕር ክልሌ መጠሪያ ነው። ክቡር ሆይ፣ ለእናንተ ባሕር ባሕር ነው። በእኛ ደሴት ግን ባሕሩ እንደ እርሻ ተሸንሽኖ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ርስት ነው፤ የትኛው ክልል የማን እንደሆነ ገና ጥርሳቸውን ያልቀየሩ ልጆች እንኳ ያውቁታል። አንድ ሰው የሚሠራበትን የባሕር ክልል መጻፍ ስሙን ከነአያቱ መጻፍ ነው። በዚያ ክልል የምትሠራ ሴት ደግሞ ከእኔ በቀር የለችም። ይህን ብትጠይቁኝ በነጻ እነግራችሁ ነበር፤ ቀለም ስትጠይቁኝ ጊዜው መሸ እንጂ።

ሦስተኛ፣ አከፋፈቱን ስላስተማራችሁን። ድረ ገጹን በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ግድግዳ ላይ አብርታችሁ «ይህ የእናንተ ሀብት ነው፤ በየስልካችሁ ግቡና እዩት» አላችሁን። የእኛ ሰው ታዛዥ ነው፣ በዚያው ቀን ገባ። ጡረተኛው መምህር ፈትሒ ቡና ቤት ተቀምጦ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ቆየና የእኔ ክልል ላይ ሲደርስ ዝቅ አደረገው አሉ፤ ያኔ ያልሰማውም ሁሉ ጆሮውን አቀና። አንዱ «ስሟን ደብቀናል ይላሉ እንዴ እነዚህ ሰዎች? የቀረው እኮ ፎቶዋ ብቻ ነው» ሲል፣ ሌላው «ተው እባክህ፣ ምስኪን ናት» አለው። ወሬውን ያመጣችልኝ ጎረቤቴ ሁለተኛውን ያነሳችው ልታጽናናኝ ብላ ነበር።

አራተኛ፣ ስለ ቁጥሯ። «ሞትን ተመኝተው ያውቃሉ?» ለሚለው ጥያቄ ከስም አልባው ስሜ ፊት ለፊት «ሁለት» ተብሎ ተጽፏል፤ «አንዳንዴ» ማለት ነው። ለጠያቂያችሁ የተናገርኩት ሙሉ ቃል ግን ይህ ነበር፦ አንድ ማለዳ የጀልባዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እዚሁ ብገባስ ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ አንዲት ኦክቶፐስ ወጥመዱ ውስጥ ስትንፈራገጥ አየሁና ላወጣት ተነሣሁ፤ ውሃው እጄን ሲያቀዘቅዘው ደስ አለኝ። «ሁለት» የመጀመሪያውን ግማሽ ይናገራል። ለቀረው ቦታ አልተበጀለትም።

ዋርሳዬ ላዝሃር ቁጥሯን ባየ ማግስት መጣ። ደግ ሰው ነው፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። «የወንድሜ ሚስት፣ አንቺን ብቻሽን ባሕር ላይ ለቅቄ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል? ዓሣውን እኔ አመጣልሻለሁ። አንቺ ብቻ ቤትሽ አረፍ በይ» ብሎኝ ጀልባዬን ወሰደና ግቢው ውስጥ በሰንሰለት አሰራት። ዓሣውን በየማለዳው ደጃፌ ላይ ያስቀምጥልኛል። አጥበዋለሁ፣ እጠብሰዋለሁ፣ እበላዋለሁ። ምንም አይሰማኝም። አልተቆጣሁም፤ ቁጣ ጉልበት ይጠይቃል። ከቀኔ ውስጥ የሆነ ነገር የሚሰማኝ ባሕር ላይ ባለሁበት ሰዓት ብቻ ነበር፣ የሄደብኝም እሱ ነው።

አምስተኛ፣ ስለ ፈጣን ምላሻችሁ። የክልሌ መጠሪያ እንዲነሣልኝ ብጽፍላችሁ፣ አንዴ ለዓለም የተከፈተ መረጃ እንደማይመለስና በየአገሩ ያሉ ተመራማሪዎች ቀድመው እንደወሰዱት በትሕትና ገልጻችሁልኛል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና አልፈርድባችሁም። በዚያው ደብዳቤ ላይ ስለ አስተዋጽኦዬ በጥናታዊ ጽሑፉ ደራሲዎች መካከል ስሜ እንዲወጣ ፈቃዴን ጠይቃችኋል። ጽሑፉ ስለ መተማመን ነው አሉ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ላዝሃር የእኔን ቃል አያምንም፤ የእናንተን ማኅተም ያምናል። ያች ቁጥር የሐሳብ እንጂ የፍርድ ቁጥር እንዳልሆነች፣ ባሕሩም ለእኔ እንደሚበጀኝ ሁለት መስመር ጽፋችሁ ማኅተም ብታሳርፉበት ጀልባዬን ይፈታልኝ ይሆናል። ጊዜ ካጠራችሁ ማኅተሙ ብቻ ይበቃል።

እግዜር ዕውቀታችሁን ያብዛላችሁ፣ የምትጠይቁትንም ሰው አያሳጣችሁ እያልኩ፣ ከማልገልጸው አክብሮትና ከገለጣችሁት ሕይወቴ ጋር እሰናበታለሁ።

የማዕከሉ ተባባሪ ተመራማሪ
ሸድሊያ ብን ኻሚስ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤው ለጋዜጣው ከመላኩ በፊት ሁለተኛው ዙር ጥያቄያችሁ ስለደረሰ የለመንኩዎን ማኅተም ይተዉት። የደሴቱ ሴቶች በሙሉ ተነጋግረን ለሁሉም ጥያቄ «በፍጹም»፣ በእናንተ ቁጥር ዜሮ፣ ብለን መልሰናል፤ እናንተም ደሴቲቱ እንዳገገመች በደስታ ለዓለም ከፍታችሁታል። ጋዜጣ የማያነበው ላዝሃር የእኔን ዜሮ በስልኩ አይቶ፣ ግንባሬን ስሞ፣ ሰንሰለቱን ፈታልኝ። እውነቱን ስናገር የታሰረችው ጀልባ በውሸት ተፈታች። ካሁን በኋላ ማለዳ ማለዳ ባሕር ላይ ነኝ፤ ያ ሐሳብ ተመልሶ የመጣ እንደሆነ ግን ለማንም አልናገርም።